ሳይዘጋ የቀረው ዱዓ

ዘፈን መጨረስ አልችልም። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጀርባ፣ ግድግዳዋ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኪቦርድ እየተጫወትኩ የሰው ድምፅ እቀዳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ አጫውታለሁ። መግቢያ አምጣ በሉኝ፣ እስኪበቃችሁ አመጣለሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ጭንቅ ይለኛል። ስለዚህ የማደርገው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አዝማቹን እየደጋገምኩ ድምፁን ቀስ በቀስ እቀንስና አጠፋዋለሁ። ሰሚው ዘፈኑ ያለቀ ይመስለዋል። ጓደኞቼ በዚህ ሙድ ይይዙብኛል፤ እስከዚያ ነሐሴ ድረስ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ነገሩን የጀመርነው እኔና ደሴ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ነን። ጓደኛዬ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ክራር ይጫወታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ማሳመን ይችልበታል። ከዚያ የጦርነት ክፉ ጊዜ በኋላ አገራችን ላይ ሰው የሚሰበሰበው ለለቅሶ ብቻ ሆኖ ነበር። እናቴም ያረፈችው በዚያው ሰሞን ነው። ከቀብሯ በኋላ ከሥራ ቦታዬና ከሠርግ ቤት በቀር የትም አልሄድም ነበር፤ ሠርጉም ላይ ቢሆን የሚሠራው ጣቴ ነው እንጂ እኔ እዚያ አልነበርኩም። አንድ ቀን ለሠርግ ደሴ ወጥቼ፣ ሰኞ ገበያ ግርግር ውስጥ ስናልፍ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘና "ለክረምቱ ተራራ ላይ ሙዚቃ እናዘጋጅ" አለኝ። ሰኞ ገበያ መሀል ቆሞ ማሰብ አይቻልም፤ ተሸካሚው ይገፋሃል፣ ባለጋሪው ይጮህብሃል። ሳላስብ እሺ አልኩት።

ደንባችን አንድ ነበር። የሚመጣው ዘፋኝ ሁሉ አዲስ ዘፈን ይዞ ይምጣ፣ ቋንቋውም እናቱ ቤት የሚያወራበት ይሁን። ይህን ያልነው ወደን አይደለም። እቤቷ ከየት ተገኘህ ለማለት "ተየት ተገኘኸ" እያለች ያደገች ልጅ እኔ ክፍል ገብታ ማይክ ሲከፈትላት ወዲያው ዜና አንባቢ ትሆናለች። እኔም ከጥፋቱ ንፁህ አይደለሁም፤ "ይሄን ቃል አዲስ አበባ አይሰሙትም፣ ቀይረው" ብዬ ስንቱን ልጅ አስቀይሬያለሁ። የወረኢሉው ልጅ በወረኢሉ አፉ፣ የቃሉዋ ልጅ በቃሉ አፏ፣ በጊታርም ይሁን በኪቦርድ፣ ቢፈልግ በራፕ፣ ግን ራሱን ሆኖ ይዝፈን አልን።

ቀኑን መምረጥ ሌላ ፈተና ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፣ ክርስቲያኑ ይጾማል። መስከረም ከገባ ተማሪው ይበተናል። ዞሮ ዞሮ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ያለው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ቀረልን። ቦታው ከቦሩ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኝ፣ የመንደሩ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ መስክ ነው። ያማከርነው ሰው ሁሉ "በነሐሴ? ተራራ ላይ? ጤና አላችሁ?" ይለን ነበር። ድምፅ ማጉያው፣ ጄኔሬተሩ፣ ገመዱ ሁሉ ከየሰዉ የተለመነ ነው። ዝናብ ከመጣ መኪናው ጥርጊያውን አይወጣም፣ ሰውም አይመጣም። የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ዝናብ ነው።

መስኩን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ያስፈቀዱልን አክስቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አንዱ ዓረብ አገር አንዱ አዲስ አበባ ተበትነዋል። ያለቻቸው ከመስኩ ጋር የምትዋሰን አንዲት የገብስ ማሳ ናት፤ የዓመት ቀለባቸው ከእሷ ነው። እኔን ሲያዩ መጀመሪያ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ያገላብጡኛል፣ ከዚያ "ከሳኸ" ይላሉ። ብወፍርም "ከሳኸ" ነው። ስለ ሙዚቃው የነገርኳቸው ቀን ግን "ከሳኸ" ማለቱን ረስተው "እና አንተ ነኸ ሰውን የምትጠራው?" ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። "መርሐባ፣ እንግዳማ ይምጣ" አሉና ነጠላቸውን አደግድገው እዚያው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ።

ሐምሌ ደህና ዘነበ። ነሐሴ ሲገባ ግን ሰማዩ ቁልፍ አለ። ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ደስ አለን፤ እኔ በየጠዋቱ ተነስቼ ሰማዩን አይና ጥርት ብሎ ሳገኘው ሻይዬ እንኳ ይጣፍጠኝ ነበር። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ ደሴን አልፌ፣ ቦሩ ሜዳ ከሚኒባስ ስወርድ ግን ገበሬው ሁሉ ሽቅብ እያየ ነው። እኔም ሽቅብ አያለሁ። እነሱ ደመና እየፈለጉ፣ እኔ ደመና እየፈራሁ፣ ጎን ለጎን ቆመን አንድ ሰማይ እናያለን።

አንድ ሐሙስ ቀን መድረኩ የሚቆምበትን ቦታ ልለካ ወጣሁ። አክስቴ ከማሳቸው ዳር ሆነው አዩኝ።

"ምን ሆነኸ ነው ሰማይ ሰማይ የምታየው?" አሉኝ።

"ዝናቡ ነው አክስቴ። እነዚያን ሁለት ቀናት እንዳይመጣብኝ ፈርቼ" አልኳቸው።

ከአፌ እንደወጣ ምላሴን ነከስኩ። ገብሱ አጠገባችን ነው፤ ከሥሩ ቢጫ እየሆነ፣ ቅጠሉ እየተጠቀለለ። ሊያሽት ሲገባው እንደ ታመመ ሰው አንገቱን ደፍቷል። አክስቴ "አብሽር" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አይዞህ ማለታቸው ነው። በዚያ ሰዓት አይዞህ ሊባል የሚገባው ማን እንደነበር ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

በዚያው ቀን የመንደሩ ሴቶች አክስቴ ቤት ወዳጃ ይዘው ነበር። ወዳጃ ሰው ተሰብስቦ ድቤ እየመታ፣ በዜማ እየተቀባበለ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፤ የዚያን ቀኑ ስለ ዝናብ ነበር። የሴቶች ስለሆነ እኔ አልገባሁም፤ ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ።

"ደመናው ባዶ ነው፣ ያ ረቢ ሙላልን፤
ገብሱ አንገት ደፋ፣ አንተ ቀና አ'ርግልን።"

"አሚን" ይላሉ ሴቶቹ፣ ድቤው ከሥር ቀስ ብሎ ይመጣል። ፀጉሬ ቆመ። እናቴ ልብስ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ዜማ ይህ ነበር፤ ቃሉን ግን ሰምቼው አላውቅም። አክስቴን በበሩ በኩል በምልክት አስፈቅጄ ስልኬን አወጣሁና መቅዳት ጀመርኩ።

ወዳጃ አንድ ደንብ አለው፤ ማንም ሕፃን ያውቀዋል። ዱዓው ከተከፈተ በኋላ ሳይዘጋ አይነሱም። የከፈተው ሰው የለመኑትን ሁሉ ሰብስቦ፣ ለአላህ አስረክቦ፣ ፋቲሓ ብሎ እስኪዘጋው ድረስ መዳፍ እንደተዘረጋ ይቆያል። ሳይዘጋ ከተተወ፣ ሐጃው፣ ያ የለመኑት ጉዳይ፣ ተለምኖ ያልተላከ፣ መንገድ ላይ የቀረ ይሆናል። እኔ ግን ወደ ደሴ የሚመልሰኝ ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ፣ ዜማውም በቂ ነው ብዬ፣ መሀሉ ላይ ቀረፃውን አቆምኩና ቀስ ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። አክስቴ አይተውኛል።

በሚቀጥለው ስመጣ ዜማውን ለአንዲት ልጅ ላስጠናት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ዱዓ የማንም ርስት አይደለም፣ ታድርገው" አሉ። ቀጥለውም፣ "ብቻ ተጀመራችሁት ጨርሱት። ያን ለት ሳይዘጋ ሄድኸ" አሉኝ። "እሺ እሺ" አልኳቸው፤ እሺታዬ የተቻኮለ ሰው እሺታ ነበር።

ልጅቷ የሐርቡ ልጅ ናት። ቀን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለች። ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው፤ ለሠርግ አይሆንም ብለው የመለሷት ስንት ናቸው። የአክስቴን ዜማ ባሰማኋት ጊዜ ሁለቴ ሰምታ በሦስተኛው ዓይኗን ጨፍና አወረደችው። እኔ ከሥሩ ከበሮና ባስ አስገባሁበት፣ ጓደኛዬ ክራሩን ጨመረበት። እውነቱን ለመናገር፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ያለ አልሠራሁም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ እያፏጨሁ ነበር።

"መጨረሻውስ?" አለችኝ ልጅቷ አንድ ቀን።

"ቀስ እያልን እናጠፋዋለን" አልኳት።

"ጋሼ፣ የኛ እናቶች እኮ እንደዚህ አይተዉትም።"

"ይሄ ዘፈን ነው" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀችና ተወችው፤ እኔም ረሳሁት።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ሰው ይጎርፍ ጀመር። የኮምቦልቻን ሰው መለየት ቀላል ነበር፤ በካናቴራ መጥቶ ተራራው ላይ ጥርሱን የሚያፋጨው እሱ ነው። ደሴዎቹ ካፖርታቸውን ደርበው "ቆላው መጣ" እያሉ ይስቁበታል። መድረካችን ጎኑ የተከፈተ የጭነት መኪና ነው። ልጆቹ ተራ በተራ እየወጡ በየአፋቸው ዘፈኑ። አንዱ ልጅ በእነሱ ሠፈር ብቻ የሚባል አንድ የስድብ ቃል አዝማቹ ውስጥ አስገብቶ፣ ቃሉን የሚያውቁት የመንደሩ ሰዎች እየተቃቀፉ ሲስቁ፣ የማያውቁት ደግሞ ምን አለ ምን አለ እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ። ጓደኛዬ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ደግሞ በየመሀሉ ሰማዩን አያለሁ፤ ጭረት ደመና የለም።

እሁድም እንደዚያው ነበር። የመንደሩ ሴቶች ሁለቱንም ቀን መጥተዋል፤ መስኩን ከአክስቴ ማሳ በሚለየው የድንጋይ ካብ ላይ በረድፍ ተቀምጠው ያያሉ። አክስቴ መሀላቸው ናቸው። ከሰዓት በኋላ የሐርቧ ልጅ ተራ ደረሰ። እኔ ኪቦርዱ ላይ ነበርኩ። ባሱ ሲገባ ወጣቱ ሁሉ ተንቀሳቀሰ፤ እስክስታው ጀመረ፣ ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። ልጅቷ ያን ወፍራም ድምፅዋን ለቀቀችው። "ገብሱ አንገት ደፋ" ስትል ካቡ ላይ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ተነሱና መዳፋቸውን ዘረጉ። "አሚን" ሲሉ ከድምፅ ማጉያው በላይ ተሰማኝ። እኔ እንደ ትልቅ ክብር ቆጠርኩት። ወደዱት ብዬ ልቤ በኩራት ሞላ።

ከዚያ እንደ ልማዴ አዝማቹን እየደጋገምኩ ድምፁን ቀነስኩት፣ ቀነስኩት፣ አጠፋሁት። ፉጨትና ጭብጨባው መስኩን አናወጠው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አመስግና ወረደች። ሁለት የወረኢሉ ልጆች ማይክ ይዘው ራፓቸውን ጀመሩ።

ሴቶቹ እጃቸውን አላወረዱም።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥር፣ አሥራ አምስት ሴቶች፣ በፀሐይ ውስጥ ቆመው፣ መዳፋቸው ክፍት። ቀጥሎ አጠገባቸው የሚጨፍሩት ልጆች አዩአቸውና መጨፈራቸውን አቆሙ። አንዲት ከደሴ የመጡ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ እናት ምንም ሳይጠይቁ ከሴቶቹ ጎን ሄደው ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። ዝምታው ከካቡ ጀምሮ ወደ መድረኩ መጣ። ከራፐሮቹ አንዱ ግጥሙን መሀል ላይ ጥሎ በማይኩ "ምን አጠፋን?" አለ። ከዚያ በኋላ የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እነሱ ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ዱዓ ከፍቼ፣ ሰው አሚን አሰኝቼ፣ ሳልዘጋ ትቼዋለሁ። ዘፈን ነው ብዬ ለራሴ ስለነገርኩ ለእነሱም ዘፈን የሚሆን መስሎኝ። ገብሳቸው እየደረቀ ላለ ሰዎች "ገብሱ አንገት ደፋ" ተብሎ ሲለመን ሐጃው የራሳቸው ነው፤ በኪቦርድ ታጀበ፣ በድቤ ታጀበ፣ ምን ያገባቸዋል። ፊቴ ፍም ሆነ።

"ምን እየጠበቅህ ነው? ቀጥሉ በላቸው፣ ሰዓት የለንም!" አለኝ ጓደኛዬ ከታች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩና ወደ ካቡ ሄድኩ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ።

"አክስቴ፣ አውፍ ይበሉኝ። ይዝጉልን" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"እኔ አልከፈትሁትም" አሉኝ።

"ልጅቷ መዝጊያውን አታውቀውም። እኔ አላስጠናኋትም።"

"እንግዲያ አንተ ዝጋው።"

"እኔ አልችልበትም። እርስዎ ያውቁበታል፣ ስለ እናቴ ይሁንብዎ።"

አክስቴ እጃቸው እንደተዘረጋ አዩኝ። ዓይናቸው ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም የሚለምኑኝ ይመስሉ ነበር። "ወላሂ፣ ዛሬ እኔ አልችልም" አሉኝ። "ዛሬን መዝጋት ያንተ ነው።"

ግትርነት መሰለኝ። በልቤ ተናደድኩባቸው እንኳ። ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ተመልሼ ማይኩን ከልጁ እጅ ተቀበልኩ። በሕይወቴ ብዙ ማይክ ይዣለሁ፤ እንደዚያን ቀን የከበደኝ የለም። ያ ሁሉ ሰው ያየኛል። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ማይኩ አስቸገረኝ፣ የሐርቧ ልጅ መጥታ ያዘችልኝ።

"ያ ረቢ" አልኩ። "ለዚህ ቀን ያደረስከን፣ ምስጋና ላንተ ይሁን።" አሚን አሉ። "የሞቱብንን ማርልን።" አሚን። "የታመመውን አሽርልን፣ የተበተነውን ሰብስብልን፣ አገራችንን ሰላም አድርግልን።" አሚን፣ አሚን፣ አሚን። ከወዲያ በኩል አሜን የሚሉም ነበሩ። ሁሉንም ለመንኩ። ለጤና ለመንኩ፣ ለዕድሜ ለመንኩ፣ ለተማሪው ለመንኩ፣ ለመንገደኛው ለመንኩ። አንዱን ብቻ እየዞርኩት አለፍኩ። ሴቶቹ ለእያንዳንዱ አሚን ይላሉ፤ እጃቸው ግን ንቅንቅ አይልም።

ምን እንደሚጠብቁ ማወቁ አያቅትም። አፌ ግን እምቢ አለኝ። ገና ሁለት ሰዓት የሚሆን ዝግጅት ቀርቶናል፣ ገመዱ ሁሉ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል፣ የተውሶው ማጉያ ክፍት ነው። በመጨረሻ፣ እንዲሁ ለመገላገል፣ "ዝናቡንም አምጣልን" አልኩ።

አሚን ያለ የለም። ከካቡ ላይ አንዲት ሴት፣ የአክስቴ ጎረቤት ናቸው፣ ጮክ ብለው "መቼ?" አሉኝ።

ወጣቶቹ ሳቁ። ሴቶቹ አልሳቁም። አክስቴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር።

"አሁን" አልኩ። "አሁን አምጣልን። ዛሬ። እኛ ላይም ቢሆን ይዝነብ። ገብሱን ቀና አድርገው።"

"አሚን!" አሉ። እንደዚያ ያለ አሚን ሰምቼ አላውቅም። ፋቲሓ አልኩ፣ ሴቶቹ የሚሉትን አሉ፣ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አወረዱና ተቀመጡ። ያኔ እኔ ደግሞ ሳላስበው ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ያየሁት ዝናብ ለምኖ እንደሚጠብቅ ሰው አይደለም። ገመዱ እንዳይረጥብ እንደሚፈራ ሰው ነው። ይህን ማንም ባያውቅብኝም እኔ አውቀዋለሁ።

ያን ቀን አልዘነበም። የወረኢሉ ልጆች ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ ቀኑም በደስታ አለቀ። ጓደኛዬ ለጥቂት ቀን ቢያኮርፈኝም ታረቅን። ዝናቡ የመጣው ሐሙስ ነው፤ ኮምቦልቻ ሆኜ የቆርቆሮውን ድምፅ ስሰማ ከአልጋዬ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ዘግይቶ ነው የመጣው። በቆላ ያለውን ሰብል አዳነው። የተራራውን ገብስ ግን እኩሌታውን ብቻ ነው ያዳነው፤ እኩሌታው ገለባ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር ላይ ለአክስቴ ውቂያ ላግዝ ወጣሁ። እገዛዬ የሚያስቅ ነው፤ እጄ ከኪቦርድ ሌላ የለመደው ነገር የለም። አውድማው ላይ ያለው ክምር ትንሽ ነበር። ያቺው "መቼ?" ያሉኝ ጎረቤት አብረው ያበራያሉ። ክምሩን አየሁና፣ ከሐዘኔ የተነሳ፣ "ነሐሴ ላይ አራት አምስት ቀን ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ" አልኩ።

ጎረቤትየዋ ሥራቸውን አቆሙ። "ታዲያ ጥፋቱ ተማን ነው?" አሉኝ። "አክስትኸን ጠይቃት። ነሐሴን ሙሉ ወዳጃ ስንቀመጥ፣ እኛ ዝናቡን ስንል እሷ 'ተቅዳሜና እሁዱ በቀር' ትላለች። 'የእህቴ ልጅ እንግዳ ጠርቷል፣ እነዚያን ሁለት ቀን ለሱ ተውለት' ትላለች። ስንቴ ተጣላናት! ለአላህ ቀን ይቆረጥለታል ወይ ብንላት አልሰማ አለች።"

"ዝም በይ አንቺ" አሉ አክስቴ ቀና ሳይሉ።

"ዝም አልልም! ያን ለት 'እኔ አልችልም' ያለችኸ ለዚህ ነው። አንዴ ለምና ላንተ ያስያዘችውን ቀን እንዴት ብላ መልሳ ትንጠቅኸ? ቀኑ ያንተ ነበር፣ መልቀቁም ያንተ። እኛም ያንን ስንጠብቅ ክንዳችን ተሰበረ።"

በየጠዋቱ ሻይዬን ያጣፈጠልኝ ያ ጥርት ያለ ሰማይ፣ እዚህ ደግሞ ማሳው ዳር ቆመው ሁለቱን ቀን ለእኔ የሚለምኑ አንዲት ሴት። አላህ የማንን ልመና እንደሰማ አላውቅም፤ ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም። አክስቴ ግን የዓመት ቀለባቸውን አጠገባቸው እያዩ እነዚያን ቀናት ለእኔ ሰጥተውኛል።

"አክስቴ" አልኳቸው፣ "ገብስዎ እኮ ነው። እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?"

ማበራየቱን ሳያቆሙ፣ "ገብስ ለዓመቱም ይዘራል" አሉ። ደግሞም፣ "እናትኸ ተሞተች ወዲህ አንድ ነገር ስትፈልግ ያየሁኸ ያኔ ነው" አሉኝ።

አውድማው ላይ፣ በሰው ፊት፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገለባ ዓይኔ ገብቶ ነው ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።